በመጸው ወራት ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ለሚጓዙ ጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

የይፋት ቆላ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከጣርማበር ተራራ ግርጌ አንሥቶ ወደ አፋር ሜዳ የሚወርድ ሞቃታማ ምድር ነው። የአካባቢው ዋና ከተማ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ምድሩ ባሕር የማይነካው ቢሆንም በመካከለኛው ዘመን የነበረው ታሪክ ከባሕር የተለየ አልነበረም። የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉ በጠነከረበት ዘመን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከሚገኘው የዘይላ ወደብ እስከ ሸዋ ደጋ ግርጌ የሚዘልቀውን የንግድ መስመር ይዞ ነበር። በዘይላ የሚራገፈው ሸቀጥ በግመል ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ የሚደርሰው በይፋት ወደሚገኙት ከተሞች ነበር። የእነዚህ ከተሞች መስጊዶች፣ ቤቶችና መቃብሮች ፍርስራሽ ዛሬም በአርሶ አደሮች ማሳና በቁጥቋጦ መካከል ይታያል።

ይህ ጽሑፍ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወደ አካባቢው ለመሄድ የሚያስቡ ዜጎችና የውጭ አገር እንግዶች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይዟል። ወራቱ ለጉብኝት እጅግ የተመቹ ናቸው። በዚያው ልክ የወባ በሽታ በአካባቢው የሚበረታው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ዝግጅቱ ከመነሻው ሁለቱንም ያገናዘበ ሊሆን ይገባል።

ከመነሣት አስቀድሞ

አካባቢው ባለፉት ዓመታት ተደጋጋሚ የጸጥታ ችግር ደርሶበታል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተከሰተው ግጭት ከፍተኛ የሕይወትና የንብረት ጉዳት ደርሷል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ በጎዳናው ላይ የሚደረገውን እንቅስቃሴ በየጊዜው ሲያስተጓጉል ቆይቷል። በመሆኑም የጉዞ ቀን ከመቁረጥ በፊት የሰሜን ሸዋ ዞንን ወይም የሸዋ ሮቢት ከተማ አስተዳደርን ጽሕፈት ቤቶች መጠየቅ፣ በመነሻው ዕለት ጠዋትም እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከአንድ ሳምንት በፊት የተገኘ መልስ ለዛሬ ጉዞ ዋስትና አይሆንም። መንገዱ አስተማማኝ እንዳልሆነ ከተገለጸ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ፍርስራሾቹ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ የቆዩ በመሆናቸው አንድ ወቅት መጠበቅ የሚያሳጣው ነገር የለም።

የታደሰ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ነው። በቡድን የሚጓዙ ተማሪዎችና ማኅበራት ከተቋማቸው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ቢይዙ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚደረግላቸው አቀባበል ይቀላጠፋል። ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ (ድሮን) ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል፤ ፎቶግራፍ ከላይ ለማንሣት ያሰበ ሰው ፈቃዱን በአዲስ አበባ ሳይጨርስ መሣሪያውን ይዞ መነሣት የለበትም።

መቼ መሄድ ይሻላል?

በአገራችን አቆጣጠር ዘመነ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ነው። በመስከረም ደጋው በአደይ አበባ ቢያጌጥም በቆላው ገና ውኃ አልጎደለም። እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉት ወንዞች ከላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላሉ፤ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ቀበሌዎች የሚያመሩ የጥርጊያ መንገዶችም በጭቃ ይያዛሉ። በፍርስራሾቹ ላይ የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት ጊዜ ስለሆነ ግድግዳና የተከመረ ድንጋይ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ለታሪክ ብሎ የሚሄድ ሰው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ የተሻለ ያያል። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፣ ሣሩም መድረቅ ይጀምራል።

ይኸው ወቅት ማሽላ የሚያሸትበትና የሚጎመራበት ነው። በቀወት ወረዳ ማሳዎች መካከል ልጆች ከፍ ባለ ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ እየወረወሩ ግሪሳ ወፍ ሲጠብቁ ይታያሉ። ግሪሳ በአንድ ቀን የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊያጠፋ ስለሚችል ጥበቃው ጨዋታ እንዳይመስል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ ወደ ማሳ መግባት ወይም ጠባቂውን ማዘናጋት ቅሬታ ያስነሣል። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ጥንቅሽ ካጋጠመ ግን መግዛቱ ለሻጩም ለገዢውም ደስታ ነው። የሽንኩርትና የማሾ ምርትም ከአካባቢው የሚታወቅ ሲሆን ለቤት የሚሆን ማሾ ከአምራቾቹ ገበያ ላይ ይገኛል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር በደጋ ሜዳ ላይ የሚያልፍ ስለሆነ እምብዛም አያደክምም። ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ጣርማበር ይወጣና በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ በኩል ያልፋል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሙሶሊኒ ዋሻ እያለ ይጠራዋል። ከዋሻው እንደወጡ መሬቱ ይከፈታል፤ ጎዳናው በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ይህ ማለት በአንድ ሰዓት ከግማሽ ባልበለጠ ጊዜ ከውርጭ አገር ወደ ሙቀት አገር መውረድ ነው። ጠዋት በደብረ ብርሃን ጋቢ የለበሰ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ በሸዋ ሮቢት ጥላ ይፈልጋል።

አሽከርካሪዎች በዚህ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰው መውረድ ይኖርባቸዋል። ፍሬን ብቻ እየረገጡ የሚወርዱ ተሽከርካሪዎች ፍሬናቸው ግሎ ሥራ ያቆማል። በጣርማበር ጠዋትና ማታ ጉም የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በቆላው ደግሞ ከብትና ግመል ጎዳናውን ያቋርጣሉ። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች በሌሊት መጓዝ አይመከርም። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ ሰው ምሳውን በሸዋ ሮቢት ሊበላ ይችላል።

በጉዞው ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አንኮበርን ማየት ይችላል። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ኋላም የምኒልክ መቀመጫ የነበረች ሲሆን ከሥሯ በቆላው አፋፍ ላይ የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያራግፉባት ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ የባሕር መንገድ ነው። ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ በበኩሉ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ወደሚገኙበት ወደ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ያደርሳል።

የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ

የይፋት ሱልጣኔት በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲሆን፣ በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አስገብሯል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር ብርቱ ጦርነት ካደረገ በኋላ የክርስቲያኑ መንግሥት ገባር ሆነ። ከወላስማ ወገን ያልገበሩት ወደ ምሥራቅ አፈገፈጉ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን በዘይላ ተገደሉ፤ ልጆቻቸውም ከጊዜ በኋላ የአዳልን መንግሥት መሠረቱ። ጸሐፊው አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ይፋት ፍራፍሬና ስለ ጫት ጽፏል። በተመሳሳይ ዘመን ዘይላን ያየው ኢብን ባቱታ ደግሞ ከተማይቱ በዓሣና በታረደ ግመል ሽታ የተሞላች ስለሆነች ማደሩን በመርከብ ላይ እንደመረጠ አትቷል። የይፋት ነጋዴ ከዚያ ሽታ ወጥቶ፣ በረሃውን ጨርሶ፣ ወደነዚህ ነፋሻ ተረተሮች ሲደርስ ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አይከብድም።

የከተሞቹ ፍርስራሽ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ መቼም አልተረሳም። በዘመናዊ ጥናት ግን በሚገባ የታወቀው ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነው። ኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር አሕመድ ሐሰን ዑመር፣ ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ባደረጉት የመስክ ሥራ አስበሪ፣ ኖራ፣ መሰል፣ ራሳ ጉባና በሪ ይፋት የሚባሉትን ሥፍራዎች ለይተው መዝግበዋል። አብዛኞቹ የተቆረቆሩት ከደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚዘረጉ ተረተሮች ላይ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከበረሃው የሚመጣ ቅፍለትም ሆነ ጦር ከሩቅ ይታያል፣ ተዳፋቱም በእርከን ተሠርቶ ይታረሳል። ኖራ በድንጋይ የተገነቡ ቤቶችና መስጊድ የነበሩባት ከተማ ስትሆን በሪ ይፋት የወላስማ ቤተሰብ የተቀበረበት፣ በዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች የተገኙበት ሥፍራ ነው።

ጎብኚው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ዐቢይ ጉዳይ አለ። እነዚህ ሥፍራዎች በአብዛኛው አጥር፣ የመግቢያ በርና ቲኬት ቆራጭ ያላቸው መስህቦች አይደሉም። የሚገኙት በሰው ማሳ፣ በሰው ግጦሽና በሰው መቃብር መካከል ነው። ጥንታዊ መስጊዶቹም ቢፈርሱ ለአካባቢው ሙስሊም ኅብረተሰብ፣ በተለይም ለአርጎባ ማኅበረሰብ፣ ዛሬም የጸሎትና የዚያራ ሥፍራ ናቸው። በመሆኑም ማንኛውም ጉብኝት በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ተጀምሮ በቀበሌው እውቅና፣ መንገዱን በሚያውቅ የአካባቢው ሰው መሪነት መካሄድ አለበት። ለመሪው የሚከፈለው ሒሳብ ከመነሣት በፊት በግልጽ ይነገር፤ ሲመለሱ የሚደረግ ክርክር ለሁለቱም ወገን የማይገባ ነው።

ወደ መስጊድ ቅጥር ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ የዓርብ ቀትር ሶላት ሰዓት ለጉብኝት አይመረጥም። አረጋውያንን በሰላምታ መቅደምና የመጡበትን ጉዳይ መናገር በይፋት የቆየ ወግ ነው። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ የጀመረ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቅ መንገዱ ይነገረዋል፤ ካሜራውን አስቀድሞ የመጣ ግን ዝምታ ይገጥመዋል። መቃብር መርገጥ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ መቀመጥ፣ ጽሑፉ እንዲታይ ብሎ በኖራ ወይም በከሰል ማድመቅ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

በቆሙት ግድግዳዎች ላይ መውጣትም እንዲሁ። ግድግዳዎቹ በጭቃ የተያያዙ በመሆናቸው ከክረምት በኋላ ርጥበት ይዘው ይላላሉ፤ በሳሩ ውስጥም እባብ ሊኖር ስለሚችል ረጅም ሱሪና የተዘጋ ጫማ ያስፈልጋል። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሆኑም መታወስ አለበት። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ ከዚህ ሁሉ ተርፎ በአንድ ጎብኚ እግር ሲናድ ማየት የአካባቢውን ሰው እንደሚያሳዝን ለመናገር ማብራሪያ አያሻም።

ከዝናብ በኋላ አፈሩ ስለሚታጠብ የሸክላ ስብርባሪ፣ ዶቃ፣ አንዳንዴም የብረት ቁራጭ ወይም ሳንቲም በመሬት ላይ ሊታይ ይችላል። ማንሣት አይገባም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ዕቃው ያለ ሥፍራው ለተመራማሪ የሚሰጠው ትርጉም ትንሽ ነው፤ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደተገኘ ሲታወቅ ግን ዘመንን ሊያሳይ ይችላል። ተገቢው እርምጃ ሳይነኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው። ዕቃ ለመሸጥ የሚያቀርብ ሰው ቢያጋጥም ደግሞ መግዛት አይገባም። ለአንድ ሳንቲም የተከፈለ ገንዘብ በማግሥቱ በዚያው ሥፍራ ዐሥር ጉድጓድ እንዲቆፈር ያደርጋል።

የሰንበቴ ገበያ

ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ወደ አጣዬ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ሰንበቴ፣ ስሟም እንደሚያመለክተው፣ እሑድ በሚውለው ገበያዋ ትታወቃለች። በዚያ ገበያ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር ይገናኛሉ። ከቆላው ግመልና ፍየል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። የድሮው የዘይላና የታጁራ ንግድ ከጠፋ በኋላ የደጋና የቆላ ልውውጥ በምን መልክ እንደቀጠለ ለማየት ለሚሻ ሰው ከሰንበቴ የተሻለ ቦታ የለም። ገበያው የሚደምቀው ከረፋዱ ጀምሮ ነው። ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም።

ወባ

በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች የሆኑ አካባቢዎች በአብዛኛው ለወባ የተጋለጡ ናቸው። ዋናው የስርጭት ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ አልፎ ውኃ በየጉድጓዱና በየመስኖ ቦዩ ሲቆም፣ ሙቀቱም ሲመለስ፣ ትንኟ ትራባለች። ሸዋ ሮቢትና ቀወት በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉ ሲሆን 1,157 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል።

ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከሌላ ደጋ የሚሄድ ሰው ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ያልተለማመደ ስለሆነ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ ቶሎ ሊጠናበት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለከባድ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ በመሆናቸው በእነዚህ ወራት በቆላው ከማደር ቢቆጠቡ ይመረጣል። ሌሎችም ቢሆኑ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። የመከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል፤ አጀማመሩ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ በጉዞው ዋዜማ ወደ መድኃኒት ቤት መሮጥ ላይጠቅም ይችላል።

የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አልጋ የሚከራይ ሰው ክፍሉን ሲያይ ከውኃና ከመብራት ጋር አጎበር መኖሩን፣ አለመቀደዱንም መመልከት ይገባዋል። የራስን አጎበር ይዞ መሄድ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስና በቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ መጠቀም ይረዳል። በረንዳ ላይ እስከ ሌሊት መጨዋወት የቆላ ምሽት ደስታ መሆኑ ባይካድም፣ በጥቅምትና በኅዳር ያለ እጅጌ ልብስ ባይሆን ይመረጣል።

ብዙ ጎብኚ የሚዘናጋው ከተመለሰ በኋላ ነው። የወባ ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከተነከሱ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዱ የበሽታው ዓይነት (ቫይቫክስ) ደግሞ በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በይፋት ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ትኩሳቱ የሚይዘው በአዲስ አበባ ቤቱ፣ ጉዞውን በረሳበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ማስመለስ ከታየ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት፣ ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት መዋጥም አደገኛ ነው። የሚያስፈልገው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የደም ምርመራ ማድረግ ነው። የደጋ ሐኪም ወባን መጀመሪያ ላያስብ ስለሚችል "በዚህ ቀን በሸዋ ሮቢት አድሬ ነበር" ብሎ በግልጽ መንገር የታካሚው ድርሻ ነው። ሁለቱ የወባ ዓይነቶች የሚታከሙበት መድኃኒት የተለያየ በመሆኑ የምርመራውን ውጤት መጠየቅ፣ የታዘዘውንም መድኃኒት ትኩሳቱ ቢተውም እስከ መጨረሻው መውሰድ ይገባል። በጉዳዩ ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚሻ ሰው በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይችላል።